ለራሳችን መሥራት ስንጀምር ግብሩን ማን ይቆርጥልናል?

(ከቅጥር ወጥተው በግላቸው መሥራት ለጀመሩና ለመጀመር ለሚያስቡ ወጣቶች ደሴ ላይ ያደረግሁት ንግግር ነው። አንዳንድ ድግግሞሽ ብቻ ቀንሼ እንዳለ አቅርቤዋለሁ።)

እንደምን ዋላችሁ? ሰላም ለእናንተ ይሁን። አሰላሙ አለይኩም።

ኋላ የቆማችሁ ልጆች፣ ፊት ለፊት ወንበር አለ፣ ኑ ተቀመጡ። አብሽሩ፣ ማንንም በስም ጠርቼ አላስነሳም። ጋሼ፣ እርስዎም እዚህ ጋ ይምጡ፣ ከበሩ ብርድ ይገባል። ዛሬ የጦሳ ጉም እስከ አስፋልቱ ወርዷል።

እስቲ በጥያቄ ልጀምር። ደመወዝተኛ የነበራችሁ፣ አሁን ግን በኮንትራት ወይም በግላችሁ የምትሠሩ፣ እጅ አውጡ። ... ብዙ ናችሁ፣ አመሰግናለሁ። አሁን ደግሞ፣ ካለፈው ሐምሌ ወዲህ ከገባላችሁ ገንዘብ ላይ "ይህ የግብር ነው" ብላችሁ ለይታችሁ ያስቀመጣችሁ? ... አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት። አራት እጅ አየሁ።

እኔ የመጣሁት ለዚህ ነው። አራቱ እጅ እንዲበዛ ነው የመጣሁት።

ሦስት ነገር እናገራለሁ። አንደኛ፣ ስለ ቋጠሮ። ሁለተኛ፣ ስለ ወረቀት። ሦስተኛ፣ በወረቀት ላይ ብቻ "የግል ሠራተኛ" ስለሚባሉ ልጆች። ከሁሉም በፊት ግን የራሴን ታሪክ ልንገራችሁ፤ ያለ እሱ የምናገረው አይገባችሁም።

ኮምቦልቻ አንድ ፋብሪካ ውስጥ 9 ዓመት ሠርቻለሁ። ጠዋት በሚኒባስ ሐረጎን እወርዳለሁ፣ ማታ ሐረጎን እወጣለሁ። ሥራዬ ፔሮል ነበር። የ400 ሰው ደመወዝ በእጄ ያልፋል። ከእያንዳንዱ ላይ የሥራ ግብሩን እቆርጣለሁ። ጡረታውን እቆርጣለሁ። ቀኑ ሳያልፍ ገቢ አደርጋለሁ። ሰው ወደ መስኮቴ ይመጣና "እህቴ፣ ይህች የጎደለችው ምንድን ናት?" ይለኛል። "የመንግሥት ነው ወንድሜ" እለዋለሁ። ይፈርምና ይሄዳል። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ እንዲህ ነበር።

በ2011 ከፋብሪካው ወጣሁ። ደሴ ላይ ለሱቆችና ለትንንሽ ድርጅቶች ሒሳብ መያዝ ጀመርኩ። የመጀመሪያው ክፍያዬ ዛሬም ዓይኔ ላይ አለ። ሸዋ በር አካባቢ ካለ የሕንፃ መሣሪያ መደብር 18 ሺህ ብር ተከፈለኝ። ሙሉ 18 ሺህ። ከላዩ ላይ የጎደለ ነገር የለም። ለዘጠኝ ዓመት ያልተቆረጠ ገንዘብ በእጄ ይዤ አላውቅም ነበር። ደስ አለኝ። የእናቴን ቤት ቆርቆሮ አስቀየርኩበት። ቀጣዩ መጣ፣ የልጄን ትምህርት ቤት ከፈልኩበት። ቀጣዩ መጣ፣ ላፕቶፕ ገዛሁበት። አንዱንም በከንቱ አላባከንኩም። ሁሉም ለቁም ነገር ነው የዋለው።

ሰኔ አለቀ። ሐምሌ ገባ። መዝገቤን ዘግቼ ሒሳቤን ሠራሁ። የዓመቱ ግብሬ 38 ሺህ ብር ሆኖ መጣ። ደብተሬ ላይ ያለው ስንት ነው? 4 ሺህ ብር። ያን ሌሊት አልተኛሁም። ከወንድሜ ተበደርኩ። የዕቁብ ዕጣ ከአንዲት እናት ገዛሁ፤ ዕጣ መግዛት ምን ያህል እንደሚያስከፍል ዕቁብተኞች ታውቁታላችሁ። ያም ሆኖ ቀኑ አለፈኝ፤ ከነቅጣቱ ከፈልኩ።

አሁን ልጠይቃችሁ። እኔ ግብር የማላውቅ ሰው ነበርኩ? የ400 ሰው ግብር በየወሩ ስቆርጥ የኖርኩ ሰው ነኝ! ዕውቀት አልጎደለኝም። የጎደለኝ ቆራጭ ነው። ከእኔ ደመወዝ ላይ ግብሩን የሚቆርጠው ድርጅቱ ነበር። እኔ ስወጣ ቆራጩ እዚያው ቀረ። ገንዘቡ ሙሉውን ወደ እጄ ሲመጣ፣ ሙሉው የኔ መሰለኝ።

ይህን ነው ዛሬ እንድትይዙልኝ የምፈልገው። ከቅጥር የወጣችሁ ዕለት ግብሩ አልቀረም። የቀረው ቆራጩ ነው። ቆራጩ ነው የቀረው።

ወደ አንደኛው ነገሬ ልግባ፣ ወደ ቋጠሮው።

እናቴ ሰኞ ገበያ በርበሬና ቅመም ትሸጥ ነበር። ፊደል አልቆጠረችም። ማታ ከገበያ ስትመለስ መደብ ላይ ቁጭ ትልና የዕለቱን ገንዘብ ጭኗ ላይ ትዘረግፈዋለች። ከዚያ የነጠላዋን ጫፍ ታነሳለች። አንዱ ጫፍ የዕድር። አንዱ ጫፍ የዕቁብ። አንዱ ጫፍ ለሚቀጥለው ሰኞ በርበሬ መግዣ። ቋጠሮውን በጥርሷ ይዛ ነው የምታጠብቀው። የቀረችው ሳንቲም ለቤት ትሆናለች። እኛ ልጆቿ "እማ፣ ከዚያኛው ጫፍ ስጪን" ስንላት መልሷ አንድ ነው፦ "እሱ የኔ አይደለም።" ትከሻዋ ላይ ነጠላዋ ላይ ተቋጥሮ፣ "የኔ አይደለም" ትላለች።

ከ38 ሺህ ብሩ በኋላ ነው የእናቴ ነጠላ የገባኝ። ሌላ የባንክ ደብተር ከፈትኩ። ኤቲኤም ካርድ አልወሰድኩለትም፤ ስልኬ ላይ ባለው የባንክ መተግበሪያም አላገናኘሁትም። ክፍያ ሲገባልኝ በዚያው ቀን፣ ገበያ ሳልወጣ፣ ለማንም "ገባልኝ" ሳልል፣ ከአራት እጅ አንዱን እጅ ወደዚያ አዛውራለሁ። በዚያው ቀን! ነገ ካልኩ ነገ ሌላ ስም ያገኛል። የልጅ ጫማ ይሆናል፣ ለቅሶ ይሆናል፣ ሠርግ ይሆናል።

ለምን ከአራት እጅ አንድ? አብረን እናስላው። ወረቀት ያላችሁ ጻፉ።

መጀመሪያ የደመወዝተኛውን። ከሐምሌ 2017 ጀምሮ በሥራ ላይ በዋለው የፌዴራሉ የገቢ ግብር ማሻሻያ አዋጅ ቁጥር 1395/2017 መሠረት፣ በወር እስከ 2,000 ብር ድረስ ግብር የለም። ከዚያ በላይ 15 በመቶ ይጀምርና በ20፣ በ25፣ በ30 እያለ ይወጣል። ከ14,000 ብር በላይ ያለው 35 በመቶ ነው። ደመወዙ 20,000 ብር የሆነ ሰው ግብሩ 4,950 ብር ይሆናል። የጡረታ 7 በመቶ ሲጨመር 1,400 ብር። እጁ ላይ የሚገባው 13,650 ብር ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስታት ነገር አለች። ድርጅቱም ከራሱ 11 በመቶ ጡረታ ይከፍል ነበር፤ 2,200 ብር። ስለዚህ ያ ሰው ለድርጅቱ በየወሩ 22,200 ብር ያስወጣ ነበር ማለት ነው። የዓመት ፈቃዱን፣ የሕመም ፈቃዱን አልቆጠርኩም። አሁን ይህ ልጅ ከሥራ ይወጣና ያው ድርጅት "በኮንትራት በወር 20 ሺህ እንክፈልህ" ይለዋል። ልጁ "በፊት 13 ሺህ ምናምን ነበር የሚደርሰኝ፣ አሁን 20 ሺህ ሊገባልኝ ነው" ብሎ ይፈርማል። ልጆቼ፣ ይህ ጭማሪ ነው? አይደለም! ቅናሽ ነው። በግላችሁ ዋጋ ስታወጡ መነሻችሁ በፊት እጃችሁ ላይ ይገባ የነበረው ብር አይሁን። ድርጅቱ ያወጣው ከነበረው ጀምሩ። በዚያ ላይ ሥራ የሌለበትን ወር፣ የሚሰበረውን መሣሪያ፣ የትራንስፖርቱን ጨምሩ።

አሁን በግሉ የሚሠራውን እንይ። ማሽን የሚጠግን አንድ ልጅ አስቡ። ዓመቱን ሙሉ 480,000 ብር ሠራ። ለኤሌክትሮድ፣ ለግራይንደር ዲስክ፣ ለመለዋወጫ፣ ለትራንስፖርት 120,000 ብር አወጣ። ለሁሉም ደረሰኝ አለው። መዝገብ ይዞ በትርፉ የሚከፍል ከሆነ ትርፉ 360,000 ብር ነው። የንግድ ሥራ ገቢ ሠንጠረዡ በዓመት 24,000 ብርን ነጻ ያደርጋል፤ ከ168,000 በላይ ያለው 35 በመቶ ይከፈልበታል። ሲሰላ ግብሩ 101,400 ብር ይመጣል። ይህ ከ480,000 ብሩ ከ21 በመቶ ትንሽ ከፍ ይላል። ከአራት እጅ አንድ የቋጠረ ልጅ ቀኑ ሲደርስ ከፍሎ ይተርፈዋል። ያልቋጠረ ልጅ እንደኔ ዕጣ ይገዛል።

ያው ልጅ 120,000ውን አውጥቶ፣ ግን ደረሰኝ ባይኖረውስ? ገንዘቡ ወጥቷል፣ ዲስኩ አልቋል። ግብር ሰብሳቢው መሥሪያ ቤት፣ ገቢዎች የምንለው፣ ግን ወጪውን አይቀበልለትም። ግብሩ 143,400 ብር ይሆናል። ልዩነቱ 42,000 ብር። አርባ ሁለት ሺህ ብር! "ያለ ደረሰኝ ልሽጥልህ፣ ትንሽ ላስተካክልልህ" ያለው ባለ ሱቅ የቀነሰለት በአጠቃላይ ከዚህ ይበልጣል? አይመስለኝም።

ይህ ወደ ሁለተኛው ነገሬ ወሰደኝ፣ ወደ ወረቀት። እዚህ ላይ ትንሽ እቆያለሁ፤ ታገሡኝ።

መጀመሪያ መለያ ቁጥር፣ ቲን የምንለው። ተቀጥራችሁ ስትሠሩ የነበረው ቁጥር አሁንም የናንተው ነው። አንድ ሰው አንድ ቁጥር ነው ያለው። ሌላ ልታወጡ አትሂዱ። ያንኑ ይዛችሁ የንግድ ምዝገባና ፈቃድ ታወጣላችሁ፣ ከዚያ ገቢዎች ትሄዳላችሁ። በግለሰብ ደረጃ የምንነግድ ሰዎች ግብራችን ለክልላችን ነው፤ ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 97 ላይ ያለ ነው። ስለዚህ በራችን እዚሁ ያለው የከተማችን ገቢዎች ነው። ስትመዘገቡ ደረጃችሁን ጠይቁ። ዓመታዊ ሽያጩ 2 ሚሊዮን ብርና ከዚያ በላይ የሆነ ደረጃ "ሀ" ነው፤ የተሟላ የሒሳብ መዝገብ ይይዛል፣ ከሐምሌ 1 እስከ ጥቅምት 30 ያሳውቃል። ከዚያ በታች ከሆናችሁ ሁለት ጥያቄ ጠይቁና መልሱን ጻፉት፦ የምከፍለው በመዝገብ ነው ወይስ በሽያጬ መጠን? የመጨረሻው ቀኔስ መቼ ነው? ከጎረቤት ሰምታችሁ አትመለሱ። ጎረቤታችሁ ደረጃው ሌላ ሊሆን ይችላል።

ዓመቱ መሐል ላይ ከሥራ የወጣችሁ ደግሞ ስታስሉ አትደናገጡ። እስከ ጥር ደመወዝተኛ ነበርኩ፣ ከየካቲት ጀምሮ በግሌ ነኝ የሚል ሰው፣ የደመወዙ ግብር እዚያው ተቆርጦ አልቋል። ሠንጠረዡ ለየቅል ነው፤ ደመወዙ በ"ሀ"፣ የንግዱ ገቢ በ"ሐ" ነው። ሁለቱ አይደመሩም። ከመሥሪያ ቤት ስትወጡ ግን የሥራ ልምዳችሁንና ጡረታ የተከፈለበትን ማስረጃ ይዛችሁ ውጡ። የጡረታ አበል ለማግኘት ቢያንስ የ10 ዓመት አገልግሎት ያስፈልጋል። ያገለገላችሁት ዓመት ሜዳ ላይ እንዳይቀር።

አሁን ደግሞ ዊዝሆልዲንግ። ድርጅት ወይም መሥሪያ ቤት ሲከፍላችሁ ቀድሞ 3 በመቶ ይይዛል፤ በፊት 2 በመቶ ነበር። ይህን 3 በመቶ ብዙ ልጅ "ግብሬ ተቆረጠ፣ አለቀ" ብሎ ያስበዋል። አላለቀም! ቅድሚያ ክፍያ ነው። የዓመቱ ግብር ሲሰላ ይቀነስላችኋል። ያ የማሽን ጠጋኝ ልጅ ከ480,000 ብሩ ሁሉ ላይ 3 በመቶ ቢያዝበት 14,400 ብር ይሆናል። ከ101,400 ላይ ሲነሳ የሚቀርበት 87,000 ብር ነው። ግን የተያዘበትን ደረሰኝ ካላመጣ ማን ይቀንስለታል? ስለዚህ ቼኩን ስትቀበሉ የዊዝሆልዲንግ ደረሰኙንም ተቀበሉ። "ነገ ና" ካሉ ነገ ሂዱ፤ "ከነገ ወዲያ" ካሉም ሂዱ። ከዓመት በኋላ ያ ገንዘብ ያዥ ሌላ ቦታ ተዛውሮ ይጠብቃችኋል። መለያ ቁጥር ያላቀረበ ሰው ደግሞ የሚያዝበት 30 በመቶ ነው። ሠላሳ!

አንድ ታሪክ ልንገራችሁ። ሁለተኛው ዓመቴ ላይ ደረሰኝ በሚገባ እሰበስብ ነበር። ሁሉንም በአንድ ፌስታል አድርጌ ቢሮዬ መስኮት ላይ አስቀምጣለሁ። ጠዋት ፀሐይ የሚገባበት መስኮት ነው። ሐምሌ ላይ ፌስታሉን ፈታሁ። ከማሽን የሚወጣው ደረሰኝ፣ ያ ለስላሳው ወረቀት፣ ነጭ ሆኗል። ወደ ብርሃን ብይዘው፣ አግድሜ ባየው፣ የለም። የነዳጁ፣ የወረቀቱ፣ የቀለሙ፣ የሁሉም ቁጥር ጠፍቷል። ያ ወረቀት በሙቀት የሚጻፍ ነው፤ ፀሐይና ሙቀት መልሶ ያጠፋዋል። ከዚያ ወዲህ ደረሰኝ በተቀበልኩበት ባንኮኒ ላይ፣ መልስ ሳልቆጥር በፊት፣ በስልኬ ፎቶ አነሳዋለሁ። ዋናውን ጥላ ውስጥ በወር በወር ፖስታ እከተዋለሁ። ፎቶውን ሌላ ቦታም አስቀምጣለሁ። በ2014 ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ ስንት ሱቅ፣ ስንት ቢሮ ከነወረቀቱ እንደተዘረፈ እናንተው አይታችኋል። ከዚያ በኋላ "ወጪዬን በምን ላስረዳ?" እያሉ ያለቀሱ ሰዎች ጋር ተቀምጫለሁ። ቀላል አይደለም።

እናንተም ለደንበኛችሁ ደረሰኝ ትሰጣላችሁ። ደረሰኝ ለማሳተም ከገቢዎች ፈቃድ ይጠየቃል። ከውጭ አገር ድርጅት ጋር በኮምፒውተር የምትሠሩ ልጆችም አላችሁ፤ ፊታችሁን አውቀዋለሁ። እዚህ ነዋሪ የሆነ ሰው ከየትም ዓለም ያገኘው ገቢ ግብር አለበት። እዚያ ያለው ከፋይ ምንም ስለማይቆርጥላችሁ ቋጠሮው ከሁሉም ይልቅ የሚያስፈልገው ለናንተ ነው።

ረዳት የቀጠራችሁም አላችሁ። አብሯችሁ ወርክሾፕ የሚሠራ ልጅ ደመወዝ ከከፈላችሁት፣ አሁን ቆራጩ እናንተ ናችሁ። የሱን የሥራ ግብር ቆርጣችሁ ገቢ የማድረግ ግዴታው የናንተ ነው። ፔሮል መስኮቱ ጋ እናንተ ተቀምጣችኋል ማለት ነው።

ቫት ላይ አልቆይም። የ12 ወር ሽያጫችሁ 2 ሚሊዮን ብር ካለፈ መመዝገብ ግዴታ ነው። 15 በመቶው ከደንበኛ የምትቀበሉት አደራ ነው። ሌላ ቋጠሮ ይፈልጋል። እዚህ ላይ በቃኝ።

ገንዘብ ባይኖራችሁስ? ይህን በደንብ ስሙኝ፤ እኔ ያን ዓመት ብሰማው ኖሮ ይጠቅመኝ ነበር። ገንዘብ የሌለው ሰው ያፍርና ወደ ገቢዎች መሄዱን ይተወዋል። እባካችሁ እንዲህ አታድርጉ! አለማሳወቅ አንድ ቅጣት አለው፤ አለመክፈል ሌላ ቅጣት አለው። በአዋጅ ቁጥር 983/2008 መሠረት ያላሳወቀ ሰው ካልተከፈለው ግብር ላይ እስከ 25 በመቶ ድረስ ይቀጣል። ኪሳችሁ ባዶ ቢሆንም በቀኑ ሄዳችሁ አሳውቁ። ቢያንስ አንደኛው ቅጣት ይቀርላችኋል። ከዚያ በየጊዜው ከፋፍላችሁ ለመክፈል በጽሑፍ ጠይቁ፤ ሕጉ ይፈቅዳል። የተጣለባችሁ ግብር ልክ አይደለም ካላችሁም ማማረሩ ብቻ አይበቃም፤ በ21 ቀን ውስጥ ቅሬታችሁን በጽሑፍ አስገቡ። ሃያ አንድ ቀን ነው። ሃያ ሁለተኛው ቀን ላይ የመጣ ሰው ጋ ቁጭ ብዬ አብሬ ከመተከዝ በቀር ያደረግሁለት ነገር የለም።

ሌላም አለ። ፈቃድ አውጥታችሁ ሥራው ባይሆንላችሁና ተመልሳችሁ ብትቀጠሩ፣ ፈቃዱን መልሱ። የማውቃት እህት አለች። ለአንድ ዓመት በግሏ ልብስ ስፌት ሠራች፣ ከዚያ ተቀጠረች። ፈቃዱ ግድግዳዋ ላይ ቀረ። ከአራት ዓመት በኋላ ለሌላ ጉዳይ ክሊራንስ፣ የግብር ዕዳ የለባትም የሚል ማስረጃ፣ ስትጠይቅ ያልሠራችበት ዓመት ሁሉ ተቆጥሮ ጠበቃት። እሷ ዘግታለች፣ መዝገቡ ግን አያውቅም። ከቀበሌ ማስረጃ፣ ከአሠሪዋ ደብዳቤ እያለች ወራት ተመላለሰች።

ሦስተኛው ነገሬ ጥቂት ነው፣ ግን ልቤን የሚያመኝ እሱ ነው።

ጎረቤቴ የሆነ የኤሌክትሪክ ባለሙያ ልጅ አለ። አንድ ፋብሪካ ውስጥ ስድስት ዓመት ሠርቷል። አንድ ቀን ጠርተውት "ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ አንተ በግልህ የምትሠራ ተቋራጭ ነህ፣ እዚህ ፈርም" አሉት። ፈረመ። በነጋታው በዚያው ሰዓት ገባ። ያንኑ ቱታ ለበሰ። ያው ሺፍት፣ ያው ኃላፊ፣ ያው ፊርማ መዝገብ። ሲያመው ኃላፊውን ያስፈቅዳል። ሌላ ቦታ መሥራት አይፈቀድለትም። የተለወጠው ምንድን ነው? ጡረታው ቆመ። የዓመት ፈቃዱ ቀረ። ግብሩ በሱ ላይ ወደቀ። ማታ ቤቴ መጥቶ፣ ቡናው ቶና ላይ ደርሶ፣ ወረቀቱን ከኪሱ አወጣና "እትዬ፣ እኔ አሁን ነጋዴ ነኝ እንዴ?" አለኝ። የ29 ዓመት ጎልማሳ ነው። ድምፁ ይንቀጠቀጥ ነበር።

ሕጉ የሚያየው የውሉን ርዕስ ብቻ አይደለም። የገቢ ግብር አዋጁ፣ 979/2008፣ ተቀጣሪን ሲተረጉም በሌላ ሰው መሪነትና ቁጥጥር ሥር የሚሠራ ነው ይላል። በግሉ የሚሠራው ተቋራጭ ደግሞ ሥራውን እንዴት እንደሚሠራ በአብዛኛው ራሱ የሚወስን ነው። ስለዚህ ከመፈረማችሁ በፊት ራሳችሁን ጠይቁ። መቼ እንደምገባ የሚወስነው ማን ነው? መሣሪያው የማን ነው? ሌላ ደንበኛ መያዝ እችላለሁ? በኔ ፈንታ ሌላ ሰው ልኬ ማሠራት እችላለሁ? መልሱ ሁሉ "እነሱ፣ የነሱ፣ አልችልም፣ አልችልም" ከሆነ እናንተ ተቀጣሪ ናችሁ። ያን ወረቀት ለመፈረም አትቸኩሉ። የሠራተኛ ጉዳይ ወደሚያየው የመንግሥት መሥሪያ ቤት ውሰዱት፣ የሕግ ሰው ይየው። የማይቀር ሆኖ ከፈረማችሁም ቅድም ያልኩትን አስታውሱና ዋጋችሁን ከ22,200ው ጀምራችሁ ተነጋገሩ።

የአሠሪ ወገን የሆናችሁም እዚህ አላችሁ፤ ሰላምታዬን ሰጥቻችኋለሁ። እናንተንም እለምናለሁ። በቁጥጥራችሁ ሥር የሚሠራን ልጅ ተቋራጭ ብላችሁ ስም ብትለውጡለት፣ ነገ ኦዲት ሲመጣ ያልቆረጣችሁት ግብር የሚጠየቀው ከናንተ ነው። ለልጁም ለናንተም አይበጅም።

ያ ጎረቤቴ አሁን በእውነት በግሉ ይሠራል። ከዚያ ፋብሪካ ወጥቶ የራሱን መሣሪያ ገዛ። ሦስት ደንበኛ አለው። ባለፈው ሳምንት ቤቴ መጥቶ ሁለተኛውን የባንክ ደብተሩን አሳየኝ። ሽፋኑ ላይ በእስክሪብቶ "የኔ አይደለም" ብሎ ጽፎበታል። የእናቴን ታሪክ ነግሬው ነበር።

እናንተም ነገ ባንክ ሲከፈት ሁለተኛ ደብተር ክፈቱ። ነገ እሑድ ነው ለካ፤ እንግዲያው ሰኞ። ሰኞ ከገበያው በፊት።

ደረሰኛችሁን በፌስታል ይዛችሁ የመጣችሁ ልጆች እንዳላችሁ አይቻለሁ። ስንጨርስ እዚያ ጠረጴዛው ጋ እቀመጣለሁ፣ አንድ በአንድ እናየዋለን። ቡናም እየተፈላ ነው፤ እስከ በረካው ድረስ አልሄድም። አሁን ወደ ጥያቄ እንግባ። አንተ፣ ከመስኮቱ አጠገብ ያለኸው፣ ቅድም ስለ ዊዝሆልዲንግ ስናገር እጅህን አውጥተህ አወረድካት። ካንተ እንጀምር። ማይኩን ስጡት።